የምላሴ ሐኪሞች

ጥርሱን ያመመው ሰው "ሐኪም ዘንድ ሂድ" ይባላል። ዓይኑ የደከመ መነጽር ይገዛል። የሚንተባተብ ሰው ግን የትም መሄድ አያስፈልገውም፤ ሐኪሞቹ ራሳቸው ይመጡለታል። አቃቂ ተወልጄ አቃቂ ያደግኩ ነኝ፤ አፌን በከፈትኩበት ቦታ ሁሉ ሐኪም አጥቼ አላውቅም። ሥጋ ቤት፣ ባንክ፣ ታክሲ ተራ፣ መስጊድ በር ላይ ጫማዬን ስፈልግ ሳይቀር። አንዱ "ቀስ በል" ይለኛል፤ ሌላው "ትንፋሽ ውሰድ"፤ ሌላው ደግሞ "መጀመሪያ አስብ፣ ከዚያ ተናገር"። የዚህ የመጨረሻው ሰው ነገር ይገርመኛል፤ ምክሩን ሲሰጥ እሱ ራሱ ብዙ ያሰበበት አይመስልም። ይህንኑ ልነግረው የሞከርኩበት ጊዜ አለ፤ እስክጨርስ አልጠበቀኝም እንጂ።

ነገር ሲዛነፍ ስለማልወድ ጉዳዩን በትክክል ላስረዳ። ልናገር የፈለግኩትን አውቃለሁ። ቃሉ ከነትርጉሙ ተዘጋጅቶ ከጥርሴ ጀርባ ቆሟል። የሚቀረው መውጣት ብቻ ነው። አንዳንዴ የመጀመሪያው ድምፅ እንደተቧጨረ ሲዲ ይደጋገማል። አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ ድምፅ የለም፤ አንገቴ ይገተራል፣ ዓይኔ ይፈጣል፣ ከፊቴ ያለው ሰው ውሃ ፍለጋ ይሯሯጣል።

ሥራዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ የተጣሉ ዲናሞዎችን እየፈታሁና እየገጠምኩ ለመድኩት። ሽቦ ዝምተኛ ሰው ይወዳል። "ምነው ዘገየህ?" አይልም። ችግሩ ከሽቦው ተነስቼ ወደ ሰው ስሄድ ነው። ሰው የሚወደውን ይጠጣል፤ እኔ የምጠራውን እጠጣለሁ። ማኪያቶ ነፍሴ ነው፤ ነገር ግን "ማ" ላይ ከንፈሬ ከተዘጋ ስለማይከፈት ለዓመታት ሻይ ስጠጣ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ሱቅ ሄጄ ባትሪ ልገዛ "ባ... ባ..." ስል ባለሱቁ አዘነልኝና "ባልዲ?" አለኝ። ደክሞኝ ስለነበር ራሴን ነቀነቅኩ። ባልዲውን አንጠልጥዬ ወደ ቤት ስሄድ ጎረቤት ሁሉ "ውሃ ጠፋ እንዴ?" እያለ ሲጠይቀኝ ነበር፤ እሱንም ራሴን በመነቅነቅ መለስኩ።

ታክሲ ውስጥ ደግሞ "ወራጅ አለ" ማለት ግዴታ ነው። እኔ የምወርደው ድልድዩ ጋ ነው። እግዜር ይስጠው፣ ሌላ ሰው እዚያ ከወረደ አብሬው እወርዳለሁ። ማንም ካልወረደ ሰፈሬን በመስኮት እሰናበትና እስከ መጨረሻው ሄጄ በእግሬ እመለሳለሁ። እናቴ በዚህ ምክንያት ስፖርት የምወድ ይመስላት ነበር።

ሐያትን ያገኘኋት በዚህ ሁሉ መሃል ነው። ሐጂ ሙሄ፣ አባቷ፣ ሳሪስ አቦ አካባቢ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አላቸው። አንድ ቀን ፊውዝ ልገዛ ገብቼ "ፊ... ፊ..." ስል ከኋላዬ የቆሙት ሰዎች ሥራቸውን ጀመሩ።

"ፊልትሮ ነው!" አለ አንዱ።

"ፊልትሮ ስጪው፣ ቸኩለናል!" አለ ሌላው።

ባንኮኒው ላይ የነበረችው ልጅ ቀና ብላ፣ "እናንተን አልጠየቅኩም። እሱን ነው የማስተናግደው" አለችና እጇን አጣጥፋ ቆመች። ዝም ብላ፣ ሳትቸኩል፣ ሳታዝንልኝ። "ፊውዝ" እስክል ጠበቀች። ስንት አምፔር እንደሆነ ስትጠይቀኝ ደግሞ እንደገና ጠበቀች። ከዚያ በኋላ በአቃቂ ታሪክ የእኔን ያህል ፊውዝ የገዛ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ስልክ ቁጥሯን ካገኘሁ በኋላ ነገሩ ቀለለ። በቴሌግራም እኔ አንደበተ ርቱዕ ነኝ። ሽማግሌ ተላከ፣ ሐጂ ተስማሙ፣ ኒካሁ ተቀጠረ። እናቴ እልል አለች። እኔም ደስ አለኝ፤ ደስታዬ የቆየው ግን ማታ ላይ የኒካሁን ሥርዓት በአእምሮዬ እስክደግመው ድረስ ነው።

የሙሽራ አባት "ልጄን ድሬልሃለሁ" ይላል። ሙሽራው "ተቀብያለሁ" ይላል። ሙሽራው በዚያ ቀን ከዚህ ሌላ ግዴታ ያለበት ንግግር የለም። አንድ ቃል ናት። ግን አስቡት፤ ሐጂ በሰው ሁሉ ፊት ልጃቸውን ሰጥተው ሲጠብቁ እኔ አንገቴን ገትሬ፣ ዓይኔን አፍጥጬ ዝም! ሌላ ቦታ ብንተባተብ "ምስኪን" ይሉኛል። እዚህ ቦታ ብንተባተብ ግን "ልጁ እያመነታ ነው" ነው የሚሉት። ሐያት ከሴቶቹ ጋር ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጣ ያን ዝምታ ልትሰማ ነው።

ጭንቀቴን ለእናቴ በነገርኩበት ዕለት ስህተት ሠራሁ። እናቴ ምስጢር ስትይዝ ለቅርብ ሰው ብቻ ነው የምትነግረው፤ ለእሷ ደግሞ አቃቂ በሙሉ ቅርብ ነው። በማግስቱ ሕክምናው ተጀመረ። እሷ ራሷ ማር ከጥቁር አዝሙድ ጋር እየለወሰች ማለዳ ማለዳ ትመግበኝ ጀመር። ማሩ ጣፋጭ ነበር፤ ምላሴ ጣፈጠ እንጂ ልማዱን አልተወም።

ጎረቤታችን ጋሽ ተፈራ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ሰው፣ ሌላ ሐሳብ ነበራቸው። "ድንጋጤ ነው ያመጣበት፤ ድንጋጤ ነው የሚያወጣለት" አሉ። ከዚያ በኋላ መደበቅ ጀመሩ። የጡረታ ሰው ሥራ ሲያገኝ እንዴት እንደሚተጋ ያን ጊዜ አየሁ። አንድ ጠዋት የመኪና ማስነሻ ሞተሪኖ ተሸክሜ በግቢው በር ስገባ ከበሩ ጀርባ ብቅ ብለው የብረት ትሪ በጭልፋ ጆሮዬ ሥር አጮኹት። ሞተሪኖውን እግሬ ላይ ለቀቅኩት።

"በል አሁን ተናገር!" አሉኝ ፊታቸው በተስፋ በርቶ።

"እ... እ... እ..."

"እንትን በል እንጂ!"

"እግሬን!" አልኩ በመጨረሻ።

"አያችሁ? ወጣ!" ብለው ለግቢው ሰው በሙሉ አወሩ።

እኔ ደግሞ በጎን የራሴን ሥራ እየሠራሁ ነበር። የማላውቀውን ዕቃ ሳላነብ አልፈታም፤ ስለዚህ ስለ መንተባተብ ያገኘሁትን ሁሉ በስልኬ አነበብኩ። የንግግር ሕክምና የሚባል ሙያ እንዳለ፣ ባለሙያዎቹ በአገራችን ጥቂት እንደሆኑ፣ ከተማው ማዶ ባለ አንድ ሆስፒታል አንዷ እንደምትሠራ ደረስኩበት። ሄጄ ቀጠሮ ያዝኩ። ቀጠሮው ግን ከኒካሁ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው የሚውለው።

እስከዚያው አጎቴ ሰይድ ደረሰ። አጎቴ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ከወሎ የመጣው ገና በጎረምሳነቱ ሲሆን፣ በዓለም ላይ በመኪና ቋንቋ የማይገለጽ ነገር የለም ብሎ ያምናል።

"ስማ፣ ምላስህ ምን ሆኖ መሰለህ? የቆመ መኪና ነው። ካልተነዳ ይዝጋል። ረዳቴ ለሰርግ አገር ቤት ሄዷል። ከነገ ጀምሮ አንተ ነህ ረዳቴ። ከጠዋት እስከ ማታ ስትጣራ ትውላለህ፤ በሳምንቱ ምላስህ ዘይት የጠጣ ይሆናል። አብሽር!"

እምቢ ለማለት አፌን ከፈትኩ። "እ..." እንዳልኩ "እሺ አለ!" ብሎ ሄደ።

በማግስቱ አቃቂ ታክሲ ተራ የሚኒባሱ በር ላይ ቆምኩ። "ሳ... ሳ... ሳ..." ተሳፋሪው ቆሞ ያየኛል። ተራ አስከባሪው መጣና፣ "ወንድም፣ ዛሬ ነው ወይስ ነገ ነው የምትጭኑት?" አለኝ። ከኋላ ያሉት ሹፌሮች ጥሩንባ ለቀቁት። አጎቴ ተናዶ እጁን በመስኮት አውጥቶ በሩን ይደበድብ ጀመር፤ ቧ፣ ቧ፣ ቧ!

"ከእኔ ጋር በል! ሳሪስ፣ ሳሪስ፣ ሳሪስ!"

አብሬው አልኩ። ወጣ! "ሳሪስ ሳሪስ ሳሪስ! በቃሊቲ ሳሪስ! ሳሪስ አቦ ሳሪስ!" አጎቴ አፉን ዘጋ፤ እኔ ቀጠልኩ። እንደ ውሃ ፈሰሰ። የራሴ ድምፅ መሆኑን ለማረጋገጥ ጉሮሮዬን ያዝኩት። መኪናው ሞላ፤ እኔ ግን መጣራቴን ማቆም ፈራሁ፤ ካቆምኩ ተመልሶ የሚዘጋ መሰለኝ።

እንደፈራሁትም ሆነ። አንዲት ሴትዮ "ወንድሜ፣ ማረሚያ ቤቱ ጋ ታቆማላችሁ?" ብላ ጠየቀችኝ። "አዎ" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። "አ..." ተዘጋ። ያለችኝን ብቸኛ መውጫ ተጠቀምኩ፤ "ሳሪስ ሳሪስ!" አልኳት።

"ማረሚያ ቤቱን ነው የጠየቅኩህ!"

"በቃሊቲ ሳሪስ!"

"መልስ ስጠኝ እሺ!"

"ሳሪስ!"

ሴትዮዋ ወደ አጎቴ ዞራ፣ "ይኼን ልጅ ምን አጠጣኸው?" አለችው። አጎቴ ግን አልሰማትም፤ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ለእናቴ እየጮኸ ነበር፤ "ልጅሽ ዳነ! ወላሂ ዳነ! እኔው ራሴ ነኝ ያዳንኩት!"

ማታ ቤት ስደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። እናቴ በግ አሳርዳለች። ጋሽ ተፈራ ትሪያቸውን ይዘው መጥተዋል፤ የድርሻቸውን ምስጋና ሊወስዱ መሆኑ ነው።

"በል ልጄ፣ ሰላም በላቸው!" አለችኝ እናቴ።

"ሰ... ሰ..."

የእናቴ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። አጎቴ ቶሎ ብሎ የቆርቆሮውን በር ደበደበው፤ ቧ፣ ቧ፣ ቧ! እኔም ምን ላድርግ፤ እናቴን እንዲያ ከማያት ብዬ፣ "ሰላም ሰላም ሰላም! ሰላም ዓለይኩም ሰላም!" አልኩ፤ ልክ ግማሽ መኪና ሰው እንደቀረን አድርጌ። እልልታው ቀለጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ እንጀራ የምጠይቀው በታክሲ ዜማ ሆነ።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እናቴ ግን ለሙሽራዋ ቤት "ልጃችን ድኗል" የሚል መልእክት ላከች። ሐጂ ሙሄ ደስ ብሏቸው ምሳ ጠሩን። ሐጂ የተከበሩ፣ ነጭ ጀለቢያቸው ላይ ትንኝ የማያርፍባቸው ሰው ናቸው። እጄን ጨብጠው፣ "እንዴት ነህ ልጄ? ደህና ነህ?" አሉኝ።

እኔ በተለመደው መንገድ ተይዤ፣ ጊዜ ወስጄ ልመልስ ነበር። አጎቴ በክርኑ ጎሸመኝና ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገው።

"ደህና ደህና ደህና! ደህና ነኝ ደህና! አልሐምዱሊላህ ደህና!"

ይባስ ብሎ ቀኝ እጄ ሳላዝዘው ወደ ላይ ተነስቶ ሰው መጥራት ጀመረ። ሐጂ እጄን አዩና ወደ አጎቴ ዞሩ፤ "ሰይድ፣ ይህ ልጅ ወዴት ነው የሚጭነን?" አሉት።

ከጓዳ የሐያት ሳቅ ተሰማ። ቀጥሎ ግን መልእክት ላከችልኝ፤ "ያ ማነው? አንተን አልመሰለኝም።"

የሆስፒታሉ ቀጠሮ ደረሰ። እናቴ "ለዳነ ሰው ሐኪም ምን ያደርግለታል? የሌላውን ተራ አትያዝ" ብላ ልታስቀረኝ ሞከረች። መለዋወጫ ልገዛ ነው ብዬ ሄድኩ። በአንድ በኩል ውሸት አልነበረም።

ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት። የታክሲውን ታሪክ ሁሉ እስክጨርስላት ጠረጴዛዋ ላይ የነበረው ሻይ ቀዘቀዘ። አንድም ቃል አልጨረሰችልኝም። ከዚያ አስረዳችኝ፤ መንተባተብ ከፍርሃት የሚመጣ አይደለም፣ ፍርሃት ያባብሰዋል እንጂ። የምላስ መያዝም አይደለም። አእምሮ ንግግርን በሚያቀናጅበት መንገድ ላይ ያለ ልዩነት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት ይጀምራል፣ በቤተሰብም ይተላለፋል።

"ከዘመዶችህ የሚንተባተብ ሰው አለ?"

የለም ልላት ስል አያቴ ትዝ አለኝ። አያቴ በዝምታው የታወቀ ሽማግሌ ነበር። ሰው ተጣልቶ ሲመጣ አንድም ቃል ሳይናገር ጢሙን እያሻሸ ያዳምጥና ራሱን ይነቀንቃል፤ ተጣዮቹ አፍረው ይታረቃሉ። በቤታችን ስለ ጥበቡ ያልተወራ ነገር የለም። ያን ቀን ስለዚያ ጥበብ ጥርጣሬ ገባኝ።

"ታክሲውስ?" አልኳት።

"ዜማ ሌላ መንገድ ነው። ሲዘፍኑ፣ ከሰው ጋር እኩል ሲያነቡ፣ ብቻቸውን ሲያወሩ ብዙዎች አይንተባተቡም። ድነዋል ማለት ግን አይደለም።"

ገባኝ። ሞተሪኖው የተበላሸ መኪና ሰው ሲገፋው ይነሳል፤ ሞተሪኖው ግን አልተሠራም። ይህን ምሳሌ ስነግራት ወደደችው።

ከዚያ ሁለት መንገድ አቀረበችልኝ። አንደኛው ንግግሬን ከሥሩ መለወጥ ነው፤ እያንዳንዱን ቃል በለስላሳ ትንፋሽ መጀመር፣ ድምፁን መሳብ፣ መዘግየት። በትጋት ከተለማመድኩት መንተባተቡ ይቀንሳል፤ ግን ሁልጊዜ ራሴን መጠበቅ አለብኝ። እንዴት እንደሆነ ስታሳየኝ "ተ...ቀ...ብ...ያ...ለሁ"ን እንደ ባትሪው ያለቀ ቴፕ ሳበችው። ኒካሁ ላይ እንዲህ ብል ሐጂ እንቅልፍ ወስዶኛል ብለው ይቀሰቅሱኛል። ሁለተኛው መንገድ መንተባተቡን እንዳለ ትቶ ትግሉን መቀነስ ነው፤ ቃል አለመቀየር፣ አለመሸሽ፣ ሲያዝ አንገት ሳይገትሩ ቀስ ብሎ መልቀቅ። ሁለቱን መቀላቀልም ይቻላል አለችኝ።

"ግን ልንገርህ፣ እስከ ኒካህህ ድረስ የሚያድንህ ነገር የለኝም። አለኝ የሚልህን ሰው አትመን። አሁን አንተ ንገረኝ፣ የምትፈልገው ምንድነው?"

እስከዚያ ቀን ማር ሲያጎርሱኝ፣ ትሪ ሲያጮኹብኝ፣ ታክሲ በር ላይ ሲያንጠለጥሉኝ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ብዙ አሰብኩ። ሰው አስብና ተናገር ሲለኝ የኖረው ለካ ለዚህ ኖሯል።

"ቃሉን እኔ... እ... እኔ ራሴ ማለት።"

"ሳትንተባተብ?"

"ራ... ራሴ።"

"እንግዲያው መርጠሃል" አለችና የቤት ሥራ ሰጠችኝ፤ የማላውቀው ሰው ጋ ሄጄ ሆን ብዬ ልንተባተብ። ፍርሃቱ የሚቀንሰው እንዲያ ነው።

ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጠገብ ያሉትን ኪዮስኮች መረጥኩ። እዚያ የሚቆም ሰው ስንቅ ይዞ የራሱን ሰው ስለሚያስብ እኔን አያየኝም ብዬ ነው። ወደ አንዷ ሄጄ ተዘጋጀሁ፤ አሁን "ው... ው... ውሃ" ልላት ነው።

"ውሃ ስጪኝ" አልኩ። ጥርት ብሎ!

ደነገጥኩ። ውሃውን ተቀብዬ ዞር አልኩና ተመለስኩ። "ብስኩት ስጪኝ።" እንደ ዜና አንባቢ! በሕይወቴ ሙሉ ሳልጠራው ሲመጣ የኖረ ነገር፣ ቀጥሬ ስጠራው እምቢ አለ። ሦስተኛ ስመለስ ባለኪዮስኳ ተጠራጠረችና፣ "እዚህ ሰው አለህ እንዴ?" አለችኝ።

"የ... የ... የ..." አልኩ። ይኸው መጣ። በቤት ሥራው መሠረት አንገቴን ለቀቅኩ፣ ዓይኗን እያየሁ ቀስ ብዬ "የለኝም" አልኩ። ሴትየዋ ምንም አልሆነችም። ሰማዩም አልወረደም። ብስኩት ጨመረችልኝ፤ የእስረኛ ዘመድ መሆኔን የደበቅኩ መስሏት ነው መሰለኝ።

ኒካሁ ሲቃረብ ግን አጎቴ አዲስ መፍትሔ ይዞ መጣ። "ወኪል!" አለ። "ሸሪዓው ይፈቅዳል። ሼኹን ጠይቄያለሁ። ሙሽራው ወኪል ከሾመ ወኪሉ ይቀበልለታል። አንተ ተቀምጠህ ፈገግ በል፤ እኔ ልቀበልልህ።"

እናቴ እፎይ አለች። እውነቱን ልናገር፣ እኔም እፎይ ብዬ ነበር። ለሐያት ጻፍኩላት። ሁልጊዜ በጽሑፍ የምትመልስ ልጅ ያን ቀን ደወለች።

"አጎትህ ነው የሚቀበለኝ?"

"ወ... ወኪል ነው እንጂ..."

"አጎትህ ከተቀበለኝ ከአጎትህ ጋር ልኑር? ወኪል ባሕር ማዶ ላለ ሰው ነው። አንተ እዚያው ትራስ ተደግፈህ ተቀምጠህ!"

"ሰ... ሰው አመነታ ይላል።"

"አክስቴ ብላዋለች ገና ካሁኑ። አመነታ ይበሉ። መናገር እንኳ አቃተው፣ ሰው ላከ እንዲሉ ግን አልፈልግም። የፈለገውን ያህል ይፍጅ፤ እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ነኝ፣ የትም አልሄድ።"

ወኪሉን ሻርኩት። አጎቴ እንደ ተቀማ ሰው አኮረፈ።

የኒካሁ ቀን የሐጂ ሳሎን በሽማግሌ ተሞላ። ሼኹ መሃል፣ ሐጂ በቀኝ፣ እኔ ፊት ለፊታቸው፣ አጎቴ አጠገቤ። ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ልጄን ሐያትን በተስማማነው መህር ድሬልሃለሁ" አሉኝ።

"ተ..."

ተዘጋ። ስፈራው የኖርኩት ዝምታ መጣ፤ ራሱ ነው፣ ከነሙሉ ክብደቱ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ መቁጠሪያውን አቆመ። አጎቴ በጣቶቹ ጉልበቱን ይመታ ጀመር፤ ቧ፣ ቧ፣ ቧ። ያን ምት ብይዘው እንደሚወጣልኝ አውቅ ነበር። "ተቀብያለሁ ተቀብያለሁ ተቀብያለሁ!" ብዬ እጄን ባወጣ ሁሉም ባለቀ። ግን ሐያት "ያ ማነው?" ያለችው ያንን ሰው ነው። ተውኩት። አንገቴን አላላሁ።

"ተ... ተ... ተ..."

"ተቀብያለሁ!"

ጥርት ያለ ድምፅ ነበር። የእኔ ግን አይደለም። የአጎቴ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የእኔን ቃል ሲጨርስ የኖረ ሰው፣ በዚያች ደቂቃ ራሱን መያዝ አልቻለም።

ሼኹ ቀስ ብለው ዞሩ። "ማነው የተቀበለው?"

አጎቴ አፉን በሁለት እጁ ያዘ። ከመጋረጃው ወዲያ የሚስቱ የእትዬ ዘሀራ ድምፅ መጣ፤ "ማንን ነው የተቀበልከው አንተ ሰውዬ? እኔ እዚህ ተቀምጬ?"

"ወላሂ ለእሱ ነው! አምልጦኝ ነው!"

"የሚያመልጥህ ይኼ ነው?"

ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። ሐጂ እንኳ ዓይናቸውን በጀለቢያቸው ጠረጉ። ሼኹ ብቻ አልሳቁም፤ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙ። "ወኪል ያልሆነ ሰው መቀበል አይችልም፤ የሰይድ ከንቱ ነው። አሁን ማንም ሰው ከንፈሩን እንዳያንቀሳቅስ። ከዚህ ተነስተን እስካልሄድን ጊዜው የልጁ ነው።" ወደ እኔ ዞሩ። "ሐጂ ይድገሙት። አንተም በራስህ ጊዜ።"

ሐጂ ደገሙት።

"ተ... ተ... ተቀ..." ቆምኩ። ትንፋሼን ለቀቅኩ። ማንም አልረዳኝም። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ትልቅ ጸጥታ ለእኔ ተሰጥቶ አያውቅም፤ ሰፊ ነበር፣ ልቀመጥበት የምችለው። "ተ... ተቀብያለሁ።"

እልልታው ከመጋረጃው ወዲያ ተነሳ። ዱዓ ተደረገ። ከዱዓው በኋላ እናቴ በእንባ እየታጠበች ማሩ እንደሠራ ለጋሽ ተፈራ ስትነግራቸው ሰማሁ፤ እሳቸው ደግሞ ትሪውን ያስታውሷታል። አላረምኳቸውም። በዚያ ቀን ሳልድን የዳንኩ ሰው ነበርኩ፤ ይህን ለማስረዳት ደግሞ ሌላ ቀን ያስፈልጋል።

ማምሻውን አጎቴ በሚኒባሱ ወደ ተከራየናት ቤት ወሰደን። ሐያት አጠገቤ፣ እትዬ ዘሀራ ከፊት፣ ለአጎቴ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ዘመድ ከኋላ ታጭቋል። አጎቴ በሩን ሳይደበድብ፣ ጥሩንባ ሳይነፋ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ ይነዳል። ቤቱ ሲቃረብ ለሐያት መናገር ያለብኝ ነገር ትዝ አለኝና ጀመርኩ።

"በ... በ... በ..."

መኪናው ውስጥ ያለው ጨዋታ ቆመ። አጎቴ በመስታወቱ ሲያየኝ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ሐያት፣ "አጎቴ፣ እርስዎ መንገዱን ይዩ" አለችው። መንገዱን አየ።

ቤቱ በር ላይ ደረስን። እኔ ገና አልጨረስኩም። ማንም አልወረደም። በሥራ ላይ እያለ ሞተር አጥፍቶ የማያውቅ፣ ተሳፋሪ ሲወርድ እንኳ በግማሽ የሚቆም ሰው፣ ቁልፉን አዞረና ሞተሩን አጠፋ። እጁን መሪው ላይ ጭኖ ጠበቀ። ሁሉም ጠበቀ። አንዲት አክስት ከኋላ ነጠላዋን ይዛ ታለቅስ ጀመር፤ ምን ዓይነት የፍቅር ቃል ሊመጣ እንደሆነ ገምታ።

"በ... በሩን ስትከፍቺ" አልኳት፣ "ትንሽ ወደ ላይ አ... አንሺው። ማጠፊያው ወርዷል።"